አጅራክ የሚታጠበው በማን ውሃ ነው?

(ለጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ዲዛይን ተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። አዘጋጆቹ "ስለ ደቡብ እስያ ገጠር የእጅ ሥራ ንገረን" ነው ያሉኝ። ደቡብ እስያ ማለት ሕንድ አለ፣ ፓኪስታን አለ፣ ባንግላዴሽ፣ ኔፓል፣ ስሪላንካ አለ። በአንድ ሰዓት ስለዚህ ሁሉ የሚናገር ሰው ወይ ሊቅ ነው፣ ወይ ቀባጣሪ። እኔ ሊቅ አይደለሁም፤ መቀባጠርም አልፈልግም። ስለዚህ አንድ ቦታ መርጫለሁ። ካች ይባላል፤ አጅራክ የሚሉት በእንጨት ማኅተም የሚታተም ጨርቅ የሚሠራበት።

ካች በሕንድ ምዕራባዊ ጫፍ፣ በጉጃራት ግዛት ውስጥ ያለ ሰፊ ወረዳ ነው። በስተሰሜኑ ራን የሚሉት የጨው ሜዳ ተዘርግቷል። በዝናቡ ወራት ውሃ ይተኛበታል፤ ሲደርቅ ነጭ ጨው ይሆናል። ከማዶው ፓኪስታን ነው፣ የሲንድ ምድር። ዝናቡ ትንሽ ነው፤ የሚቀርባቸውም ዓመቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ከእርሻው ይልቅ በግመሉ፣ በበጉና በፍየሉ ሲኖር ቆይቷል። የቀረው ኑሮው ደግሞ በእጁ ነው።

የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። የእጅ ሥራ ዕድሜ የሚኖረው ሠራተኛው ዋጋውን በራሱ አፍ መናገር ሲችል ነው። ካልተመቸው ደግሞ እምቢ ማለት ሲችል። ስለ ውበቱ ብዙ ተጽፏል፣ ፎቶውም ሞልቷል። እኔ ስለ ውሃው፣ ስለ ላቡና ስለ ክፍያው ላውራ።

መጀመሪያ የድሮውን አሠራር ልንገራችሁ። ራባሪ የሚባሉ በግና ግመል አርቢዎች አሉ። በጉ ይሸለታል፣ ሴቶቹ ሱፉን ይፈትላሉ። ፈትሉ ቫንካር ወደሚባሉት ሸማኔዎች ይሄዳል። ቫንካሩ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ፣ ድሩን ወጥሮ፣ መወርወሪያውን እያመላለሰ ይሸምናል። የተሸመነው ደግሞ ኻትሪ ከሚባሉት ቀለም ነካሪዎች ዘንድ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ራባሪ ቤት ተመልሶ ሴቶቹ ጥልፍ ይጠልፉበታል። አንድ ነጠላ ሦስትና አራት ቤት ዞሮ ነው ትከሻ ላይ የሚወጣው። ክፍያው በእህል፣ በቅቤ፣ በሱፍ ነበር። ሸማኔው የራሱ የሆኑ የደንበኛ ቤተሰቦች ነበሩት፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርሱት።

ይህን ስሰማ "እንዴት ያለ መተሳሰብ ነው" ማለት ይቃጣኛል። ግን ቆም እንበል። ሰውን በትውልዱ በሚደለድለው የሕንድ የካስት ሥርዓት ሸማኔዎቹ ቫንካሮች የሚመደቡት "አይነኬ" ከሚባሉት ጎራ ነበር። የሠሩትን የሚለብስላቸው አለ፤ ከእነሱ ጋር በአንድ ገበታ የሚበላ ግን አልነበረም። እኛ በዚህ ልንደነቅ አንችልም። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስም እየለጠፍን የኖርን ሰዎች ነን። ዐፄ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን እስከ ዛሬ በየሠፈሩ አለ።

አሁን ወደ አጅራክ ልምጣ። ጠረጴዛው ላይ የዘረጋሁት ይኸው ነው። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ በመካከሉ ነጭ መስመር። ኮከቡና ክቡ በሒሳብ ነው የተቀመጠው፤ አንዱ ካንዱ አይጋጭም። ገልብጡት፤ በጀርባውም ያው ነው። ማኅተሙ በሁለቱም ወገን ስለሚመታ ነው። ከብት ጠባቂው ከጎህ በፊት በጨለማ ተነሥቶ ሲያገለድመው የትኛው ፊቱ እንደሆነ እንዳይቸገር ነው ይባላል። እውነት ይሁን ጨዋታ፣ ደስ ይላል።

ኻትሪዎቹ ከሲንድ ወደ ካች የመጡት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ራኦ ባርማል የተባለው የካች ገዥ ጠርቷቸው ነው የሚባለው። "የፈለጋችሁበት ስፈሩ" ሲባሉ ዳማድካ የምትባል መንደርን መረጡ። ለምን? ሳራን የሚባል ወንዝ ያልፍባት ነበር። ወንዙን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የሙያው ዕድሜ ከዚያም ይርቃል። በሲንድ ባለችው ጥንታዊ ከተማ በሞሄንጆ ዳሮ ፍርስራሽ ውስጥ ከአራት ሺህ ዓመት በላይ የሆነው፣ በሥር ቀለም ቀይ የተነከረ የጥጥ ቁራጭ ተገኝቷል። በግብፅ ደግሞ ፉስታጥ በምትባለው የድሮ ካይሮ ከጉጃራት የሄዱ በማኅተም የታተሙ ቁራጮች ከመሬት ወጥተዋል። ኦክስፎርድ ያለው አሽሞሊያን ሙዚየም ብቻ ከ1,000 በላይ አለው። ነጋዴው በቀይ ባሕር ነበር የሚመላለሰው። ወደ እኛም ሳይደርስ አልቀረም። የብራና መጻሕፍታችንን ገበታ ከውስጥ ብታዩ፣ ቆዳው መካከል ላይ ክፍት ሆኖ ጨርቅ የሚለጠፍበት ቦታ አለ። በዚያ ከተለጠፉት ጨርቆች መካከል የሕንድ ጥጥና ሐር ይገኛል። በምጽዋ ጉጃራቶች ለብዙ ዘመን ነግደዋል። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ስሙ የገነነው የመሐመዳሊ የንግድ ቤትም ቦህራ የሚባሉት የጉጃራት ሙስሊም ነጋዴዎች ነበር። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ ሩቅ ሰው አይደለም፣ ስለ ድሮ ደንበኛችን ነው።

እሺ፣ እንዴት ይሠራል? እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። ከ14 እስከ 16 ደረጃ አለው።

ሥራው የሚጀምረው በማጠብ ነው። ነጩ ጥጥ ቅባቱ እስኪለቅ ይቀቀላል። ከዚያ የጉሎ ዘይት፣ ሶዳና የግመል ፋንድያ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። እዚያ ጋ የሳቃችሁት፣ በትክክል ሰምታችኋል፤ የግመል ፋንድያ ነው። ጨርቁን ያለሰልሰዋል፣ ቀለምም እንዲጠጣ ያደርገዋል። ሌሊት ታፍኖ ያድራል፣ ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሳይደርቅ እንደገና ይነከራል። ደጋግመው ነው ይህን የሚያደርጉት። ሲታሽ አረፋ ካወጣ በቅቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ ሃርዳ የሚባል የዛፍ ፍሬ ተፈጭቶ በውሃ ይበጠበጥና ጨርቁ ይነከርበታል። ሃርዳ ታኒን አለው፤ ቆዳ ፋቂ የሚያውቀው ነገር ነው። ጨርቁ ቢጫማ ሆኖ ይወጣል፣ ጠንካራ ፀሐይ ላይ ይደርቃል።

አሁን ማተም ይጀመራል። የእንጨቱ ማኅተም የሚቀረጸው በሌላ መንደር ነው፤ ከጉጃራት ቅራጮች የታወቁት ጋንዲናጋር አጠገብ ያለችው የፔታፑር ሰዎች ናቸው። በቲክ እንጨት ላይ በኮምፓስና በመሮ ይቀርጹታል። ለሁለቱ ወገን የሚሆን ስለሆነ ማኅተሙ ጥንድ ነው፣ ግራና ቀኝ። ግማሽ ሚሊ ከተሳሳተ ጥንዱ አይገጥምም፤ እንጨቱ ይጣላል።

የመጀመሪያው ምት ቀለም የለውም። ኖራና የግራር ሙጫ ተለውሶ፣ ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበት መስመር ላይ ይታተማል። ኖራ ያረፈበት ቦታ ቀለም አይገባውም። ሁለተኛው ምት ለጥቁሩ ነው። ቁርጥራጭ ብረትና አሮጌ የፈረስ ጫማ ከሸንኮራ ጥቁር ስኳር ጋር በርሜል ውስጥ ተደርጎ ውሃ ይሞላበታል። ሁለትና ሦስት ሳምንት ይብላላል። ሽታውን አልነግራችሁም፤ ጠላ የተበላሸበት ቤት የገባ ያውቀዋል። ያ ዝገታም ውሃ በሁመር ፍሬ ዱቄት ይወፍራል፣ ይታተማል። ብረቱ ከሃርዳው ታኒን ጋር ሲገናኝ ጥቁር ይሆናል። ሦስተኛው ምት ለቀዩ ነው፤ አሉም የሚባለው ነጭ ማዕድን። ሲታተም ግን ቀይ አይደለም። ገና ምንም አይመስልም።

ልብ በሉ፣ አታሚው የሚያትመው ያልመጣ ቀለም ነው። ቀዩ ከሳምንት በኋላ ነው የሚታየው። ዛሬ የተሳሳተው ስሕተት ያኔ ነው ፊቱ የሚመጣው። ለእኔ ከሙያው ሁሉ የሚያስገርመኝ ይኼ ነው።

ከዚያ ቀዩ የሚሆነው ቦታ በጭቃና በሙጫ ይሸፈናል፤ እንዳይለቀለቅም ላዩ ላይ ሰጋቱራ ይበተንበታል። ኢንዲጎ የሚባለው ሰማያዊ ቀለም ወዳለበት ጉድጓድ ይገባል። ከጉድጓዱ ሲወጣ አረንጓዴ ነው። አየር ሲነካው፣ ዓይናችሁ እያየ፣ ሰማያዊ ይሆናል። ይታጠባል። ቀጥሎ መጂት በሚባል የሐረግ ሥር፣ ወይም የዚያው ቀለም አቻ በሆነው አሊዛሪን ይቀቀላል። አሁን አሉሙ የታተመበት ሁሉ ቀይ ሆኖ ይነሣል። ይታጠባል። ቀለሙ እንዲደምቅ የተፈለገ እንደሆነ ጭቃውና ኢንዲጎው ይደገማል። ደግሞ ይታጠባል።

"ይታጠባል" የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ አልኩ? አጣቢው ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚውለው። የረጠበ ጨርቅ ክብደት ታውቃላችሁ። በሁለት እጁ አንሥቶ ድንጋይ ላይ ያላጋዋል፣ ይዘረጋዋል፣ መልሶ ያላጋዋል። ኢንዲጎ የሚነክረው ሰው እጁ እስከ ክንዱ ሰማያዊ ነው። አታሚው በመዳፉ ጠርዝ ማኅተሙን እየመታ ይውላል፤ ሲመሽ ትከሻው ነው የሚነግረው። መጽሔት ላይ የሚወጣው አታሚው ነው። አጣቢው አይወጣም። በጨርቁ መለያ ላይም ስሙ የለም።

ወደ ወንዙ ልመለስ። ሳራን እየመነመነ ሄዶ በ1980ዎቹ መጨረሻ ደረቀ። ኻትሪዎቹ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ውሃውን በሞተር እየሳቡ ቀጠሉ። ከዚያ ጃንዋሪ 26 ቀን 2001 መጣ። የሕንድ የሪፐብሊክ በዓል ጠዋት ነበር። 7.7 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ካችን መታ። ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ዳማድካ ፈረሰች።

ቤት መልሶ መሥራት ይቻላል። ውሃው ግን ሌላ ሆነ። ከመንቀጥቀጡ በኋላ የጉድጓዱ ውሃ ውስጥ የብረት መጠን ጨመረ። ቅድም ምን አልን? ብረትና ታኒን ሲገናኙ ጥቁር ይሆናሉ። እንግዲህ ሃርዳ የጠጣ ጨርቅ ብረት ባለው ውሃ ስታጥቡት አስቡ። ቀዩ ይጠቁራል፣ ነጩ ይዳምናል። ለመጠጥ የማያስቸግር ውሃ ለአጅራክ መርዝ ነው።

ኢስማኢል ሞሐመድ ኻትሪ የተባለው ሰው እዚህ ጋ ይመጣል። እሱና ሌሎች የዳማድካ ቤተሰቦች የሚሆን ውሃ ሲፈልጉ ቆይተው ከቡጅ ከተማ አጠገብ መሬት ገዙ። አዲስ መንደር መሠረቱ፤ ስሟንም አጅራክፑር አሏት፣ የአጅራክ ከተማ። በ2003 በእንግሊዝ አገር ሌስተር ያለው ደ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። እኔ ግን ከዶክትሬቱ ይበልጥ የማደንቀው መሬት ፍለጋውን ነው። እርዳታ ሰጪው የሠራላቸው ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው "ቀለሙ እምቢ አለን" ማለት ይችሉ ነበር። እነሱ ውሃውን ተከትለው ሄዱ። ሁሉም አልሄደም፤ ዳማድካ የቀሩና እስከ ዛሬ እዚያው የሚያትሙ አሉ።

በአጅራክፑርም ቢሆን ውሃው ዘላለማዊ አይደለም፣ እየራቀ ነው። ያገለገለውን አጣርቶ መልሶ የመጠቀም ሥራ የተጀመረውም ለዚህ ነው። "የተፈጥሮ ቀለም ነው" ሲሏችሁ ወዲያው "አካባቢን አይጎዳም" ብላችሁ አትደምድሙ። ቅጠልና ሥር ነው፣ እሺ። ግን ይህን ሁሉ ውሃ በረሃ ውስጥ ነው የሚጠጣው።

የደንበኛው ነገር ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። አጅራክ የከብት አርቢው ልብስ ነበር። ያገለድመዋል፣ ይጠመጥመዋል፣ ስንቁን ይቋጥርበታል፣ ልጁን በእሱ ዥዋዥዌ ያስተኛዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የኬሚካል ቀለም ገባ፤ ሥራው ቀለለ፣ ጥራቱ ወረደ። ከዚያ ፖሊስተር መጣ። ፖሊስተር ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ አያልቅም። አርቢው ፊቱን አዞረ። እኔ አልፈርድበትም። በ1970ዎቹ የኢስማኢል አባት ሞሐመድ ሲዲቅ የድሮውን የሥርና የፍሬ ቀለም መልሶ አነሣው። የጉጃራት መንግሥት የእጅ ሥራ ድርጅትና የዲዛይን ባለሙያዎች አገዙት። ገዢው ግን ሌላ ሰው ሆነ፤ የዴልሂና የሙምባይ ሀብታም፣ ከዚያም ፈረንጁ።

ዛሬ በእጅ የታተመው አጅራክ ለአርቢው ኪስ አይቀመስም። እሱ የሚለብሰው የአጅራክ ንድፍ በማሽን የተመታበት ፖሊስተር ነው። ያን ፖሊስተር የሚያትሙት ፋብሪካዎች ደግሞ "አጅራክ" ብለው ለከተማም ይሸጡታል። በ2024 የካች አጅራክ በሕንድ የመልክዓ ምድር መለያ አግኝቷል፤ ስሙን ማንም እየተነሣ እንዳይጠቀምበት የሚያግድ ሕግ ማለት ነው። ለየገበያው ድንኳን ፖሊስ ያቆማል ማለት ግን አይደለም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ወንዶች ነው፣ አስተውላችሁ ይሆናል። አጅራክን የሚያትሙት ወንዶች ናቸው። በኻትሪ ቤት ሴቶቹ የሚሠሩት ባንዳኒ የሚባለውን ነው። ጨርቁን በጥፍር ቆንጠር አድርጋ በክር ትቋጥረዋለች፤ ሲነከር ቋጠሮው ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ሌሎችም ብዙ የካች ሴቶች በዚህ ይተዳደራሉ። ክፍያው በቋጠሮ ቁጥር ነው። አራቱ ቋጠሮ አንድ ካዲ ይባላል። በአንድ ጥሩ ሻል ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቋጠሮ አለ፤ ወራት ይፈጃል። ምግብ አብስላ፣ ልጅ አስተኝታ፣ በተረፈው ሰዓት ነው የምትቋጥረው። ጨርቁን የሚያመጣው ደላላ፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ደላላ። እሷ ገበያውን አታየውም።

በሽመናውም እንደዚያው ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የተቀመጠው ሸማኔ አንድ ሰው ነው። ማጉን የምታጠነጥነው፣ ድሩን የምታዳውረው፣ ክሩን በሙቅ የምትቀባው ሚስቱ ናት፣ ልጁ ናት። በ2019 እና 2020 በተደረገው የሕንድ የእጅ ሽመና ቆጠራ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሠራተኛ ተመዝግቧል። ከእነዚህ 72 በመቶው ሴቶች ናቸው። ከቤተሰቦቹ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት በወር ከ5,000 ሩፒ በታች ነው የሚያገኙት። ስንቱ ሻል "የአያት ቅርስ" ተብሎ ኤርፖርት ውስጥ እንደሚሸጥ ስታስቡ፣ ይህን ቁጥር አጠገቡ አስቀምጡት።

አሁን ስለ እምቢታ። ቅድም ራባሪዎችን አንሥቻለሁ። ከእነሱ ውስጥ ዴባሪያ የሚባል ጎሳ አለ። ሴቶቹ በጥልፍ የታወቁ ናቸው፤ ትንንሽ መስታወት እየሰፉ የሚጠልፉት። አንዲት ልጅ ወደ ባሏ ቤት ከመሄዷ በፊት ብዙ የተጠለፈ ልብስና ቦርሳ ይዛ መቅረብ ነበረባት። ጥልፉ ዓመታት ይፈጃል። ገበያ ሲመጣ ደግሞ የሚጠበቀው ብዛት ጨመረ። ልጆቹ ጥልፉ እስኪያልቅ ዕድሜያቸው ገፋ፣ በየቤቱ ጠብ ሆነ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጎሳው ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጥልፍን ከለከሉ። መጥለፍም ሆነ የተጠለፈ መልበስ ክልክል ሆነ፣ የደፈረ ይቀጣል።

ዓለም የሚያደንቀው ጥልፍ በባለቤቶቹ ፍርድ ቆመ። የውጭ ሰዎች ደነገጡ፣ "ቅርስ ጠፋ" አሉ። እኔ ሽማግሌዎቹን በግማሽ እረዳቸዋለሁ። ልጆቻቸው ከጥልፍ ይበልጡባቸዋል። ግማሹ የማይገባኝ ደግሞ፣ መርፌውን የያዙት ሴቶች ሆነው ሳለ ፍርዱን የሰጡት ወንዶች መሆናቸው ነው። ሴቶቹ ምን አደረጉ? ከገበያ ጥብጣብና ዘርፍ ገዝተው በስፌት መኪና እየለጠፉ አዲስ ስልት ፈጠሩ። ክልከላው ስለ ጥልፍ ነው፤ ስለ ጥብጣብ ያለው ነገር የለም። ዛሬ በዚያ ስልት የተሠሩ ቦርሳዎች ውጭ አገር ድረስ ይሸጣሉ።

ሌላኛው እምቢታ ጥልፍና ቦርሳ የለውም። በዚያው ጉጃራት፣ ከካች ባሕረ ሰላጤ ማዶ ኡና የምትባል ከተማ አለች። የሞተ ከብት አንሥቶ ቆዳውን መግፈፍ በካስት ሥርዓቱ ለዳሊቶች፣ ማለትም ቅድም አይነኬ ይባሉ ነበር ላልኳቸው ሰዎች የተተወ ሥራ ነው። በጁላይ 2016 የአንድ ቤተሰብ ሰዎች የሞተች ላም ሲገፍፉ፣ ላም እንደ እናት ናት በሚሉ የላም ጠባቂ ነን ባዮች "ገደላችኋት" ተብለው ተያዙ። ወጣቶቹን መኪና ላይ አስረው በአደባባይ ገረፏቸው። ገራፊዎቹ ራሳቸው የቀረጹት ቪዲዮ አገሩን አዳረሰ።

መልሱ ምን ነበር መሰላችሁ? በሱሬንድራናጋር ዳሊቶች የሞቱ ከብቶችን በመኪና ጭነው የወረዳው መሥሪያ ቤት በር ላይ ዘረገፉ። "እናታችሁ ከሆነች እናንተ አንሡአት" ዓይነት ነገር ነው። ብዙዎች ከእንግዲህ በድን አናነሣም ብለው ማሉ። ከአህመዳባድ እስከ ኡና በእግር ተጓዙ፣ የሚያርሱት መሬት ጠየቁ። "የላሟን ጭራ እናንተ ያዙ፣ የእኛን መሬት ስጡን" ነበር መፈክሩ።

ቆዳ ፋቂነትም የአባት ሙያ ነው። ዕውቀት አለው፤ ሃርዳውንና ኖራውን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ግን "ይህ ጥንታዊ ሙያ ተጠብቆ ይቆይ" የሚል ሰው ቢመጣ፣ እነዚያ የተገረፉት ልጆች ምን ይሉታል? ሁሉም የእጅ ሥራ ይቆይ አልልም። ሰው በእጁ ደረቅ ሽንት ቤት እንዲያጸዳ ማድረግም ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ የነበረ "ሥራ" ነው። ሕንድ በ1993 በሕግ ከለከለችው፣ በ2013 ደግሞ ሕጉን አጠበቀችው። ሆኖም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

ኻትሪዎቹ መሬት መግዛት ስለቻሉ ሙያቸውን ይዘው ሄዱ። የኡና ሰዎች መሬት ስላልነበራቸው ሙያውን ጥለው መሬት ጠየቁ። ባንዳኒ የምትቋጥረው ሴት ደግሞ ሁለቱም የላትም፤ እየቋጠረች ነው።

ጥያቄ እንቀበል ተብሏል። ሁለቱን ብቻ ልጻፍ።

አንዲት ተማሪ "የአጅራክን ንድፍ በዲጂታል አትሜ ብሸጥ ጥፋት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ክቡንና ኮከቡን ማንም አልፈጠረውም፣ ሳዪው፣ ተነሺበት። ግን "አጅራክ" ብለሽ እንዳትሸጪው። ስሙ የሰዎቹ ነው። ከነሱ ጋር መሥራት ከፈለግሽ ደግሞ ናሙና ላኪና ዋጋውን እነሱ ይንገሩሽ። አንቺ ዋጋ ቆርጠሽ አትላኪ።

አንድ አባት ከኋላ ተነሡ፤ የሸማኔ ልጅ ነኝ አሉ። "ልጆቼን ትምህርት ቤት ላስገባ ወይስ መወርወሪያ ላስይዝ?" አሉኝ። አባቴ፣ ይህን እኔ አልመልስልዎትም። ካች ውስጥ ግን አንድ የተሞከረ ነገር አለ። በ2005 ካላ ራክሻ የተባለ ድርጅት ለሸማኔዎች፣ ለነካሪዎችና ለጠላፊዎች የዲዛይን ትምህርት ቤት ከፈተ። ጁዲ ፍሬተር የምትባል አሜሪካዊት ናት ያቋቋመችው፤ በኋላ ሶማይያ ካላ ቪድያ በሚባል ሌላ ተቋም ቀጠለችበት። ትምህርቱ በዓመት ውስጥ ተከፋፍሎ ሁለት ሁለት ሳምንት ነው የሚሰጠው። በመካከሉ ቤታቸው ገብተው ይሠራሉ፣ ገቢያቸው አይቋረጥም። ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ ይማራሉ፤ አለበለዚያ ብዙዎቹ ሴቶች ከቤት አይለቀቁም። ስለ ቀለም ይማራሉ፣ ስለ ንድፍ ይማራሉ። ከትምህርቶቹ አንዱ ስለ ገበያ ነው። ወደ ከተማ ይወስዷቸውና የራሳቸው ዓይነት ሥራ በየሱቁ ስንት እንደሚሸጥ በዓይናቸው ያያሉ።